ጆሮአቸውን ወደ ባሕር ያዞሩ ፈረሶች

ወሬው የደረሰኝ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ነሐሴ 1988። ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር በመስኮት አየሁ። የአወል መኪና ከደጃችን ፓርክ ተደርጋለች፤ ሰዎች ተቀምጠውባታል፤ ማንም አይወርድም። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። አወል የልጄ የእሴይ ጓደኛ ነው፤ እዚህ ሲያትል ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ አብረው ይሠራሉ። ከጎኑ የተቀመጡት ቄስ ዘመድኩን ናቸው። በአገራችን ወግ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ መጥቶ ከደጅ የሚያመነታ ሰው የሚይዘው ወሬ አንድ ብቻ ነው። እኔ ጫማዬን ማሰሬን ቀጠልኩ። አስሬ ስጨርስ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ልጄ አለ።

እሴይ ፈረስ ፎቶ ሊያነሳ ሄዶ ነበር። መኪና በሚጭነው ትልቅ ጀልባ ሲሻገሩ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግር ይኬድባታል፤ ሲመለስ ዙሪያዋን ውሃ ይከባታል። ፈረሶቹ እዚያ ይግጣሉ። ቦርሳው ከድንጋይ ላይ ተገኘ፤ ውስጡ የተነሱ ፊልሞች አሉ። ካሜራውና ልጁ አልተገኙም።

እኔ "ሬሳውን አሳዩኝ፤ ካላየሁ አላለቅስም" አልኩ። ቄስ ዘመድኩን ፍትሐት እናድርግለት ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ሊያስተዛዝን የመጣውን ሰው ሁሉ ከደጅ መለስኩ።

እነዚህ ደብዳቤዎች ከዚያ ወዲህ ከሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ይርጉ ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። አያ ይርጉ እንጅባራ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከፈረስ ጋር ነው። እሴይ የአሜሪካን ፈረስ ፎቶ እልክልዎታለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ስለዚህ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። እኔም ብሆን የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ ነበር።

*

ሲያትል፣ መስከረም 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ ይርጉ፤

የመድኃኔ ዓለም ሰላም ከነቤትዎ፣ ከነፈረሶችዎ ይብዛልዎ። መስቀልን በጤና ያድርስዎ። ልጅዎ ባየሽስ እንዴት ናት? አሁንም ታስተምራለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፌደራል ዌይ የሚባል ሰፈር እየሄድኩ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ። ከምኖርበት ከሬኒየር ቫሊ በአውቶቡስ ሩቅ ነው፤ ግን ለምጄዋለሁ።

እሴይ ደህና ነው። ሥራ ስለበዛበት እጁ ለጽሕፈት አልበቃም። ቃል የገባልዎትን የፈረስ ፎቶ እኔ ልኬያለሁ። ፈረሶቹን መጀመሪያ ያያቸው ቀን ወደ ቤት ሲመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በአሸዋ ተለውሶ ነበር። "ማሚ፣ ማንም አይጋልባቸውም። ሰው ሲያዩ አይሸሹም፣ ቀርበውም አይመጡም" አለኝ።

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?" አልኩት።

"ይጠብቃሉ" አለ።

"ማንን?"

"ኦኬ ማሚ፣ ሳውቅ እነግርሻለሁ" ብሎ ሳቀብኝ።

ሌሎችም ፊልሞች አሉ። አንድ በአንድ እያሳጠብኩ እልካለሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያልቁ አልፈለግሁም።

እህትዎ ሠርካለም

*

እንጅባራ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሠርካለም፤

ከአጠገብሽ የማይለይ አምላክ ከአጠገብሽ ይሁን። ጉልበትሽን ያበርታው። እኛ አለን። ዝናቡ ዘግይቶ ወጣ፤ ጤፉ ግን ደህና ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የምትጽፍልኝ ባየሽ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታሳምራለች።

ሥዕሎቹ ደረሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አየ። እነዚህስ ፈረሶች አይደሉም፤ ለሠርግ የተቀለቡ ሰንጋዎች ናቸው። ሆዳቸው መሬት ሊነካ ምን ቀረው? ኮርቻ ቢያዩ አልጋ መስሏቸው ይተኙበታል። ባየሽ "አባባ፣ ይኼንንም ልጻፈው?" ትለኛለች። ጻፊው ብያታለሁ። ቀዩ ዳማ ግን መልካም ነው፤ አንገቱን ወድጄዋለሁ። ጥቁሩ ጉራቻም እግረ ቀና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፈረስ ሰው ሲያይ ሁለቱንም ጆሮ ወደ ሰውየው ያዞራል። እነዚህ ሁሉ ጆሮአቸውን ያዞሩት ሥዕሉን ወደሚያነሳው ሰው አይደለም፤ ከእሱ በስተግራ ነው። በአንዱ ሥዕል ቢሆን ውሻ አለፈ እል ነበር። በሁሉም ነው። በስተግራ ማን ነበረ?

ዓይኔ ደክሟል። ከሆነልሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ፤ የቀሩትን ሥዕሎች አጥርቼ ልያቸው።

ወንድምሽ ይርጉ

*

ሲያትል፣ ኅዳር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ ይርጉ፤

ሰላምና ጤና ከሰማይ እንደ ጠል ይውረድልዎ። መነጽሩን ልኬያለሁ። የምጠብቃት አሮጊት ሦስት ስላላት አንዱን ለአያሽ ስጪልኝ ብላ ነው፤ ማሰሪያ ክርም አለው።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ፎቶዎቹን መስኮት አጠገብ አድርጌ አየሁ። እውነትዎን ነው። ከዚያ በፊት ጆሮአቸውን አላየሁትም ነበር፤ አሁን ሌላ ነገር አይታየኝም። በስተግራ ባሕር ብቻ ነው ያለው። አወልን ብጠይቀው "እትዬ፣ ነፋስ ይሆናል፤ የባሕር ወፍም ብዙ አለ" አለኝ።

ሁለተኛውን ፊልም አሳጥቤ ይኸው ልኬያለሁ። በፊተኛው ያልነበረ ነጭ አምባላይ ፈረስ አለበት። ያሳጠብኩበት መደብር ያለችው ልጅ ኤንቨሎፑን ስትሰጠኝ "ቆንጆ ነው፤ ግን ለምን ያዘነ ይመስላል?" አለችኝ። እርስዎ ያውቁ እንደሆን ብዬ ነው የጻፍኩልዎት።

ባለፈው ደብዳቤዎ ለእሴይ ሰላምታ መላክ ረስተዋል። እኔ ነግሬልዎታለሁ።

እህትዎ ሠርካለም

*

እንጅባራ፣ ጥር 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሠርካለም፤

የልደቱ ጌታ በረከቱን ያሳድርብሽ። መነጽሩ ደረሰ፤ ለሰጠችሽ አሮጊት ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ባየሽ "አባባ፣ ዳኛ መሰልክ" አለችኝ። መነጽሩ መልካም ነው። ሥዕሉን አጥርቼ ባላየሁት ኖሮ ግን እላለሁ።

አምባላዩ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ከበስተኋላው ሣሩና ዛፉ፣ የብሱ ይታያል። እንግዲህ ሥዕሉ የተነሳው ከባሕሩ በኩል ነው። ያነሳው ሰው የት ቆሞ ነው? ሌሎቹ ፈረሶች ከሩቅ ሆነው ሁሉም ወደዚያ ያያሉ። አምባላዩ ግን ግራም ቀኝም አላየም። ቀጥታ ነው የሚያየው።

ማንም አይጋልባቸውም ብለሽኝ ነበር። የዚህ ጀርባው ላይ ጠጉሩ በላብ ተጣብቋል፤ የኮርቻ ቦታ ነው። እኔ ይህንን አልስትም። ኮርቻው ከወረደ ብዙ አልቆየም።

የወንድሜን የወንድምአገኝን አምባላይ ታስታውሺዋለሽ። ከለቅሶው በኋላ በዚያው ክረምት ጠፋ። ወደ ዘንገና ሐይቅ ሲወርድ ያዩት አሉ፤ ሲወጣ ያየው የለም። ለምን ይህን እንዳነሳሁ አላውቅም፤ ባየሽም ተወው እያለችኝ ነው።

እህቴ፣ ዘንድሮ ብርዱ በርትቶብኛል። የእሴይን ጃኬት ላኪልኝ። አዲስ አልፈልግም፤ የለበሰውን። ሳታጥቢ ላኪው።

ወንድምሽ ይርጉ

*

ይህ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ወለሉ ላይ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። ጃኬቱ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነበር። ሳልፍ ላለመንካት በጎን እሄድ ነበር።

*

ሲያትል፣ መጋቢት 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ይርጉ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በመዘግየቴ ይቅርታ አልጠይቅም።

ወንድምአገኝ ጦርነት ላይ ሞቶ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ካፖርቱን የጠየቁኝ እርስዎ ነበሩ። "ሳታጥቢ" ብለውኝ ነበር። አምባላዩን ጫኑት፤ ካፖርቱን ከኮርቻው ላይ ደለደሉት፤ በለቀስተኛው መሐል አዞሩት። የልጓሙን አንድ ጫፍ እርስዎ፣ አንዱን ጫፍ እሴይ ይዛችሁ ነበር። ልጄ ማታ "አባዬ ፈረሱ ላይ ነበር፤ ለምን አታዩትም?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ባየ ቁጥር ቆሞ ይቀራል። ካሜራ ሲገዛም መጀመሪያ ያነሳው ፈረስ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቁ የልጄን ልብስ ሳታጥቢ ላኪ ይሉኛል? እሴይ ደህና ነው ብዬ ጽፌልዎታለሁ።

ደሴቲቱን ሄጄ አየኋት። እሴይ ሥራ ስለነበረው የወሰደኝ አወል ነው። ከሚኖርበት ከዴ ሞይን መጥቶ ወሰደኝ። ጉም ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው እንደ ዓሣ ሆድ ያበራል። የፈረሶቹ ባለቤት አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ናት፤ ቦት ጫማ አድርጋ መጣች። አወል አነጋገራት።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ሶ፣ እትዬ፣ ውሃው ሳይመለስ ቶሎ ውጡ ነው የምትለው። ስንት ሰው እየነገርኩት አይሰማኝም ትላለች።"

"አምባላዩ የት አለ በልልኝ።"

"አምባላይ ምንድን ነው?"

"ነጩ ፈረስ፣ አንተ።"

ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀች። ነጭ ፈረስ እሷም፣ አባቷም ኖሯቸው አያውቅም። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋት። ብዙ ጊዜ አየችው። ስትመልስልኝ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ ነው የመለሰችልኝ።

ፈረሶቹ ዳማውና ጉራቻው፣ ሌሎቹም፣ ቀና አሉ። እኔን ያዩ መሰለኝ። እኔን አይደለም። ከእኔ በስተግራ ነው ጆሮአቸውን ያቆሙት። ዞሬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። አወል ክንዴን ይዞ "እትዬ፣ በአላህ፣ ወደ መኪናው እንሂድ" አለኝ። ጣቶቹ በረዶ ሆነው ነበር። እኔ ግን አልፈራሁም። ግራ ትከሻዬ ላይ ብቻ ብርድ ነበረ፤ እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው አጠገቤ የቆመ ያህል።

ጃኬቱን አልልክም። ሲመጣ ይለብሰዋል።

ሠርካለም

*

እንጅባራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሠርካለም፤

ትንሣኤውን ያሳየሽ አምላክ ልብሽን ያሳርፍልሽ። የጃኬቱን ነገር ተይው። ሽማግሌ ሲበርደው ያልሆነ ነገር ይናገራል። ያስቀየምኩሽን ለጊዮርጊስ ብለሽ ይቅር በይኝ። ሥዕል ሌላ አትላኪ። ባሕሩ አጠገብም አትሂጂ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ወንድምሽ ይርጉ

እትዬ ሠርካለም፣ ከዚህ በታች ያለውን አባባ አላስጻፈኝም። እኔ ባየሽ ነኝ የምጽፈው። "ያጽናሽ" የሚለውን ቃል ሳያስበው ነው ያወጣው፤ እኔም እየሰማሁ ጻፍኩት፤ ልፋቀው ብዬ እጄ እምቢ አለ።

አባባ ከጳጉሜን ጀምሮ ሰምቷል። አወል ባሕር ዳር ላሉት ዘመዶቻችን ደውሎላቸው፣ እነሱ ሽማግሌ ይዘው መጥተው በጠዋት ነገሩት። እርስዎ ስለ መስማትዎ ግን ያሉን ነገር አልነበረም። ደረቱን ሲመታ እኔ ነኝ እጁን የያዝኩት። ከዚያ "እሴይ ደህና ነው" የሚለው ደብዳቤዎ መጣ። አባባ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። "አልነገሯትም። ልጇ መሞቱን አልሰማችም" አለ። "እዚያ ያሉ ሰዎች በወጉ ይንገሯት፤ ከእኛ ወረቀት አትስማ" አለኝ። ስለዚህ አብረን ዋሸን። በፈረሶቹ ሆድ እየቀለደ ሲያስጽፈኝ ጥቁር ለብሶ ነበር። ለእሴይ ሰላምታ ግን ማስጻፍ አልቻለም፤ ጀምሮ ተወው።

ፎቶዎቹ ሲመጡ ፈራ። የሞተ ልጅ ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል ወይ አለ። አምባላዩን ባየ ቀን እህል አልቀመሰም። "ወንድሜ ልጁን ሊወስድ መጥቷል፤ እኛ ግን አልሸኘነውም። መንገድ ላይ ቆሟል" ይላል። ለቅሶ እንዳይቀመጥ እርስዎ አልሰሙም፤ እንዳይተወው ልጁ ውሃ ዳር ቆሟል።

እትዬ፣ ሰምተው ከሆነ ይንገሩን። ሳይሰሙ ከሆነ ይህን የጻፈች እጄ ትሰበር።

ባየሽ

*

ሲያትል፣ ግንቦት 19 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ ይርጉ፣ ለልጄ ለባየሽም፤

እጅሽ አይሰበር፤ ይባረክ።

ሰምቻለሁ። ከእርስዎ በፊት ነው የሰማሁት፤ በወጉ፣ በጠዋት፣ ቄስ ባሉበት ተነግሮኛል። እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ደህና ነው አልኩ። ደጋግሜ ስጽፈው ለራሴም እውነት መሰለኝ። እርስዎ ደግሞ ለእኔ ብለው አብረውኝ ዋሹ። በዚህ መሐል ልጃችን ሳይለቀስለት ከረመ።

ጃኬቱን ዛሬ ልኬያለሁ። አላጠብኩትም። ኪሱ ውስጥ የጀልባ ትኬት አለ፤ አላወጣሁትም፤ እናንተም አታውጡት። ልኬ ስመለስ ሚስማሩን ባዶውን ሳየው ጮህኩ። የጎረቤት ሰው በር አንኳኳ። ያለቀስኩት ገና ዛሬ ነው።

ለቅሶው ሰኔ 22 እሑድ ይሁን። በዚያው ቀን እዚህ ቄስ ዘመድኩን ፍትሐት ያደርጉለታል፤ እኔም ቤቴን ከፍቼ እቀመጣለሁ።

ሠርካለም

*

እንጅባራ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሠርካለም፤

የጻድቃንን እንባ የሚያብስ አምላክ እንባሽን ያብስልሽ።

ለቅሶው ሆነ። ክረምቱ ገብቶ ዝናብ ይጥላል ብለን ፈርተን ነበር፤ ሰማዩ እስከ ከሰዓት ታገሠን። የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ መጣ። አምባላይ ስለሌለኝ የጎረቤቴን ዳማ ጫንኩት። ጃኬቱን ከኮርቻው ላይ ደልድዬ ቁልፉን ቆለፍኩት። እጅጌው እንዳይንዘላዘል ባየሽ ልታስረው አለች፤ ተይው አልኳት። የልጓሙን አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩ። አንዱን ጫፍ ማንም አልያዘውም።

ሦስት ጊዜ አዞርነው። በሦስተኛው ዳማው ቆመ። ብጎትተው እምቢ አለ። ዙሪያውን የቆሙት ፈረሶች ሁሉ ጆሮአቸውን አቆሙ። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ ጃኬቱም አይደለም። ማንም ወዳልያዘው ጫፍ ነው። አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች። ከዚያ ዳማው ራሱ ተራመደ፤ ያ ሥራ ፈት የነበረው ጫፍ ተወጥሮ ነበር። ይህን ባየሽም አይታለች፤ ጻፊው ስላት እያለቀሰች ነው የጻፈችው።

ጃኬቱን ሳወርደው ረጥቧል። ዝናብ አልነበረም። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። የፈረስ ላብ ነው አሉኝ። ይሆናል፤ የፈረስ ላብም ጨው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ፣ ካባቱ ካፖርት አጠገብ፣ ከነትኬቱ ቀበርነው።

አሁን አንድ ልለምንሽ። ባሕሩ አጠገብ አትሂጂ ብዬሽ ነበር፤ ቃሌን አንስቻለሁ። እነዚያ ፈረሶች ዛሬ ወዴት እንደሚያዩ ሄደሽ እዪልኝ።

ወንድምሽ ይርጉ

*

ሄድኩ። የወሰደኝ አወል ነው፤ ነሐሴ ገብቶ ነበር። ፈረሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሣር ይግጣሉ፤ ጆሮአቸው እንዲሁ ዝንብ ያባርራል። ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ዳማው ቀና አለና ሁለቱን ጆሮ አዞረ። ወደ እኔ ነበር። በስተግራዬ ዞሬ አየሁ፤ ባሕር ብቻ ነው። ትከሻዬም አልበረደኝም። ይህን ለአያ ይርጉ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ እጠብቃለሁ።

አንድ ያልታጠበ ፊልም ቀርቶኛል። አወል "እትዬ፣ እኔ ላሳጥብልዎ" ይለኛል። እምቢ ብዬዋለሁ። ውስጡ ባሕሩ አለ፤ ፈረሶቹ አሉ፤ ሌላ ማን እንዳለ አልጠይቅም። ካሜራው ከልጄ ጋር እንደ ሄደ፣ ፊልሙም ከእኔ ጋር ይሄዳል። ይህንንም ለቄስ ዘመድኩን ነግሬያቸዋለሁ።

ይህችን ጽሑፍ የልጄ ሙት ዓመት ቀን ለመጣችሁልኝ ሁሉ አባዝቼ ሰጥቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ ከደጅ የመለስኳችሁ ናችሁ። እሴይ ብላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የክርስትና ስሙ ግን ገብረ ጊዮርጊስ ነው። የአባቱ የወንድምአገኝ የክርስትና ስም ደግሞ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ አብራችሁ ጥሩልኝ። ሻማ ስታበሩ፣ በአውቶቡስ ስትሄዱ፣ ከሥራ ስትገቡም ቢሆን፣ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይጠራለት ቆሞ ነበርና፣ እናንተ ሳትሰለቹ ጥሩት።

ሠርካለም፣ የገብረ ጊዮርጊስ እናት
ሲያትል፣ ነሐሴ 1989 ዓ.ም.